ሰነድን በጅምላ ስለ መለወጥና ስለ ማቆየት

(በራዲዮ የተሰማ ንግግር)



የዛሬው ንግግራችን ርእስ ሲሰሙት ደረቅ መስሎ ይታይ ይሆናል። ይሁን እንጂ ጉዳዩ በየመሥሪያ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ዘወትር የሚገኝ፣ ችላ ሲባልም የዜጋን መብት እስከ ማጥፋት የሚደርስ ነው። ይኸውም በኮምፒዩተር የተጻፉትን የመንግሥት ሰነዶች ከአንድ የፋይል ቅርጽ ወደ ሌላ ቅርጽ በጅምላ እየለወጡ ለረጅም ዘመን ስለ ማቆየት ነው።

አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ብለዋል። ምሳሌው እውነት ነው፤ በዘመናችን ግን አንድ ነገር ልንጨምርበት ግድ ሆኗል። በጽሑፍ ያለው የሚወረሰው ወራሹ ከፍቶ ሊያነበው የቻለ እንደ ሆነ ነው። በብራና ወይም በወረቀት ላይ የሰፈረ ቃል ብርሃንና ፊደል የሚያውቅ ዓይን ካገኘ ይነበባል። የኮምፒዩተር ፋይል ግን በውስጡ ያለው የቁጥር ሰልፍ ስለሆነ፣ ቁጥሩን ወደ ፊደል የሚመልስ አስተርጓሚ ይሻል። አስተርጓሚው ፋይሉ የተጻፈበት ሶፍትዌር ነው። ሶፍትዌሩ ከሥራ በወጣ ጊዜ ፋይሉ በቦታው እያለ እንደ ጠፋ ይቆጠራል።

ለዚህ አንድ የታወቀ ምስክር እንጥቀስ። በእንግሊዝ አገር ድል አድራጊው ዊልያም በ1086 እ.ኤ.አ. የአገሪቱን ርስትና ሀብት አስቆጥሮ ዱምዝዴይ በተባለ መጽሐፍ አስጽፎ ነበር። ቢቢሲ የዚህን መጽሐፍ 900ኛ ዓመት ለማስታወስ በ1986 እ.ኤ.አ. የትምህርት ቤት ልጆች ሳይቀሩ የተሳተፉበትን አዲስ የአገር መዝገብ አዘጋጅቶ በጊዜው እጅግ ዘመናዊ በነበረ የሌዘር ዲስክ ላይ አወጣ። ዲስኩን የሚያነበው መሣሪያ ግን ልዩ ስለ ነበረ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ጠፋ። አሥራ አምስት ዓመት ያህል እንዳለፈ መዝገቡን የሚከፍት መሣሪያ ማግኘት አስቸጋሪ ሆነ፤ የሊድስና የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲዎች ሊቃውንትም ይዘቱን ለማዳን ብዙ ደከሙ። የ1086ቱ የብራና መጽሐፍ ግን በለንደን አጠገብ በኪው በሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ዛሬም ይነበባል።

ወደ ቢሯችን እንመለስ። በብዙ መሥሪያ ቤቶች ከጽሕፈት መኪና ወደ ኮምፒዩተር ከተሻገርን ወዲህ የተጻፈው ደብዳቤ፣ ቃለ ጉባኤ፣ የደመወዝ ዝርዝርና የጥናት ጽሑፍ በየጊዜው በተለዋወጡ ቅርጾች ተከማችቶ ይገኛል። አንዱ በዎርድፐርፌክት የተጻፈ ነው፤ ሌላው በዶክ ቅርጽ የተቀመጠ ነው፤ ከ2007 እ.ኤ.አ. ወዲህ የተጻፈው ደግሞ በአብዛኛው በዶክኤክስ ነው። በዚያው በ2007 እ.ኤ.አ. ማይክሮሶፍት ለኦፊስ 2003 ባወጣው ማሻሻያ በርካታ የቆዩ የፋይል ቅርጾች ለደኅንነት ያሠጋሉ በማለት በቀላሉ እንዳይከፈቱ አግዶ ነበር። ብዙ ሰዎች ትናንት የከፈቱትን ፋይል በማግሥቱ መክፈት እንዳልቻሉ ያወቁት ያን ጊዜ ነው።

እንግዲህ ሰነዱን ወደ ምን ዓይነት ቅርጽ እንለውጠው ቢባል፣ መልሱ አሠራሩ በይፋ የታተመ፣ የአንድ ኩባንያ ምስጢር ያልሆነ ቅርጽ ነው። ለንባብና ለማስረጃ የሚቀመጠው ጽሑፍ ፒዲኤፍ ኤ በተባለው ቅርጽ ቢቀመጥ ይመረጣል። ይህ ቅርጽ በ2005 እ.ኤ.አ. በዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት በቁጥር 19005 የጸደቀ ሲሆን፣ ከተራው ፒዲኤፍ የሚለየው ፋይሉ ለመነበብ የሚያስፈልገውን ሁሉ በውስጡ እንዲይዝ በማስገደዱ ነው። የፊደሉ መልክ፣ ማለት ፎንቱ፣ አብሮ ይታሸጋል፤ በይለፍ ቃል መቆለፍም ሆነ ከውጭ በሚመጣ ነገር ላይ መመርኮዝ አይፈቀድም። ወደፊት እንደገና የሚሠራበት ጽሑፍ ደግሞ በ2006 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፍ ደረጃ ባገኘው በኦዲኤፍ ወይም በ2008 እ.ኤ.አ. ደረጃ ባገኘው በዶክኤክስ ወገን ሊቀመጥ ይችላል።

የሰነዱ ብዛት በሺህ በሚቆጠርበት ቢሮ እያንዳንዱን ፋይል ከፍቶ፣ በአዲስ ቅርጽ አስቀምጦ መዝጋት የማይዘለቅ ሥራ ነው። ስለዚህ በጅምላ የሚለውጡ ሶፍትዌሮች አሉ። ለምሳሌ ያለ ክፍያ የሚገኘው ሊብረኦፊስ አንድ ትእዛዝ ተጽፎ ሲሰጠው፣ መስኮት እንኳ ሳይከፍት በአንድ ማኅደር ውስጥ ያለውን ፋይል ሁሉ በተራ ወደ ፒዲኤፍ ይለውጣል፤ የቆዩ የዎርድፐርፌክትና የሎተስ ፋይሎችንም ለማንበብ ይሞክራል። ማታ ሥራ አስጀምረውት የሄዱትን ጠዋት ጨርሶ ሊያገኙት ይችላሉ።

ነገር ግን ልብ እንበል። በጅምላ የሚሠራ መኪና ስሕተቱም በጅምላ ነው። በጥንት ዘመን አንድ ቁም ጸሐፊ መጽሐፍ ሲገለብጥ ቃል ቢዘል ስሕተቱ በአንድ ብራና ላይ ይቀራል፤ መምህሩም ከዋናው ጋር አመሳክሮ ያርመዋል። መኪናው ግን አንዱን ስሕተት በአንድ ሌሊት በአሥር ሺህ ሰነድ ላይ ይደግመዋል፤ ሲጨርስም «ሥራው ተፈጽሟል» ከማለት በቀር የሚነግረን ነገር የለም። መለወጥ መገልበጥ ነው፤ ያልተመሳከረ ግልባጭም ማስረጃ ሊሆን አይገባውም። የዛሬው ንግግራችን ፍሬ ነገር ይህ ነው።

ከስሕተቶቹ ሁሉ እኛን አማርኛ ጸሐፊዎችን በተለይ የሚመለከተውን እናስቀድም። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ወደ ተባለው የዓለም የፊደላት መዝገብ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው በ3ኛው እትም ነው። ከዚያ በፊት፣ በብዙ ቢሮዎችም ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ አማርኛ ይጻፍ የነበረው እንደ ፓወር ግዕዝ፣ ቪዥዋል ግዕዝና አጋፋሪ ባሉ ፎንቶች ነበር። በጊዜው አንድ ፎንት የነበረው ቦታ 256 ብቻ ሲሆን፣ ዋናዎቹ ፊደሎቻችን 231 ሆነው ዲቃላዎቹ፣ አኃዞቹና ነጥቦቹ ሲጨመሩ ከዚያ ይበልጡ ነበር። ስለዚህ የፎንቱ ሠሪዎች በብልሃት የላቲኑን ፊደላት ቦታ ወስደው የአማርኛ መልክ ሣሉበት፤ አንዳንዱም ፊደሉን ለሁለት ፎንት አካፈለ፤ አንዳንዱም የፊደሉን እግርና ቀለበት ለይቶ እየቀጠለ ጻፈ።

የሚከተለው ነገር ግልጽ ነው። ዓይናችን «ሚኒስቴር» ብሎ የሚያነበው ቃል በፋይሉ ውስጥ የላቲን ፊደልና የልዩ ልዩ ምልክት ድብልቅ ሆኖ ተቀምጧል። ፎንቱ በሌለበት ኮምፒዩተር ላይ በጅምላ የተለወጠ እንደ ሆነ ሰነዱ ማንም የማያነበው ዝብርቅርቅ ይሆናል። ፎንቱ ባለበት ቢለወጥስ? መልኩ ያምራል፤ በወረቀት ቢታተምም ትክክል ነው። ነገር ግን ከዓመታት በኋላ አንድ ሠራተኛ የባለጉዳዩን ስም በአማርኛ ጽፎ ፈልግ ቢለው፣ ኮምፒዩተሩ በማከማቻው ሙሉ እንዲህ ያለ ስም የለም ብሎ ይመልሳል። ከዚህም የሚከፋው፣ ፒዲኤፍ ኤ ደረጃውን ማሟላቱን የሚመረምሩት ሶፍትዌሮች ይህን ፋይል ያለ ነቀፌታ ሊያሳልፉት መቻላቸው ነው። ለእነርሱ ጽሑፉ የላቲን ጽሑፍ ነውና ጉድለት አይታያቸውም። ጉድለቱን የሚያየው አማርኛ የሚያነብ ሰው ነው።

ስለዚህ እንዲህ ያለውን ሰነድ በአንድ መንገድ ብቻ መለወጥ አይበቃም። በመጀመሪያ የቀድሞው ፎንት ባለበት ኮምፒዩተር ላይ ፎንቱን በውስጡ ያሸገ ፒዲኤፍ ይውጣለት፤ ይህ የሰነዱን የቀድሞ መልክ የሚመሰክር ነው። ቀጥሎ ጽሑፉ በፎንቱ ልክ በተዘጋጀ የመለወጫ ሰንጠረዥ ወደ ዩኒኮድ ይለወጥ፤ ይህ ለፍለጋና ለሥራ የሚሆነው ነው። ዋናው ፋይልም ሳይነካ ይቀመጥ። ሰንጠረዡ ከፎንት ፎንት ስለሚለያይ የአንዱን ለሌላው መጠቀም አይቻልም። በአንድ ደብዳቤ ውስጥ የእንግሊዝኛ ቃል ሲገኝም፣ ለዋጩ በየቃሉ ያለውን ፎንት ለይቶ የማያውቅ ከሆነ እንግሊዝኛውን ሁሉ ትርጉም ወደሌለው የግዕዝ ፊደል ይለውጠዋል። አመሳካሪውም ለዲቃላ ፊደላት ልዩ ጥንቃቄ ያድርግ። «ቋንቋ»፣ «ኋላ»፣ «ጓድ»፣ «ሟች» የሚሉት ቃላት ጥሩ መፈተኛ ናቸው። በጡረታ ማኅደር ውስጥ «ሟች» የሚለው ቃል ተበላሽቶ ቢገኝ ጉዳቱ ለማን እንደሚተርፍ ለእናንተ አይነገርም።

ሁለተኛው ስሕተት የቀን ነው። ብዙ ጸሐፊዎች ድካም ለመቀነስ ሲሉ ደብዳቤው ላይ ቀኑ በራሱ እንዲጻፍ ያደርጋሉ። እንዲህ ያለው ቀን ፋይሉ ሲከፈት ወይም ሲታተም ወደ ዕለቱ ቀን ሊለወጥ ይችላል። በጅምላ ለመለወጥ ሲከፈትም እንዲሁ ነው። ከብዙ ዓመት በፊት ወጪ የሆነ የሹመት ደብዳቤ በለዋጩ እጅ አልፎ ትናንት የተጻፈ መስሎ ሊወጣ ይችላል ማለት ነው። ለዚህ ፍቱን ምስክር ያለው በመዝገብ ቤት ነው፤ የወጪ ደብዳቤ መዝገብ የደብዳቤውን ቁጥርና ቀን ይናገራልና ከእርሱ ጋር ይመሳከር።

የቀን ነገር በኤክሴል ሰንጠረዥ ላይ ደግሞ ይብሳል። ኮምፒዩተሩ በአሜሪካ አቆጣጠር የተስተካከለ ከሆነ፣ ጳጉሜን 5 ቀን 2010 ዓ.ም. ለማለት 5/13/2010 ብለን የጻፍነውን ሜይ 13 ቀን 2010 እ.ኤ.አ. ብሎ ይተረጉመዋል። ጥቅምት 30 ቀንን 30/2/2010 ብለን ስንጽፍ ግን እንዲህ ያለ ቀን አያውቅምና እንደ ተራ ጽሑፍ ይተወዋል። በአንድ ዓምድ ላይ ከተሰለፉት ቀኖች ከፊሉ ተተርጉሞ፣ ከፊሉ እንዳለ ቀርቶ በአዲስ ቅርጽ ሲጻፍ የሠራተኛው የቅጥር ዘመን ይዛባል። እንደዚሁም በዜሮ የሚጀምር የስልክ ወይም የመታወቂያ ቁጥር ዜሮውን ሊያጣ ይችላል፤ ኤክሴል ከ15 አኃዝ የሚረዝመውን ቁጥርም መጨረሻውን ወደ ዜሮ ይለውጣል። ሰንጠረዡ ወደ ፒዲኤፍ ሲለወጥ ደግሞ ሰፊው ዓምድ በገጹ ጠርዝ ሊቆረጥ፣ ስሌቱ የተሠራበት ቀመርም ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ የሒሳብ ሰንጠረዥ በፒዲኤፍ ብቻ አይቀመጥ።

ሦስተኛው ስሕተት የስም ነው። በአንድ ማኅደር ውስጥ «ቃለ ጉባኤ» የተባለ የዶክ ፋይልና «ቃለ ጉባኤ» የተባለ የዶክኤክስ ፋይል ቢገኙ፣ ሁለቱም ሲለወጡ «ቃለ ጉባኤ» የተባለ አንድ ፒዲኤፍ ሊሆኑ ነው። ኋላ የመጣው የፊተኛውን ይደመስሰዋል፤ የሚጮህ ደወልም የለም። በይለፍ ቃል የተቆለፈውን ፋይል ለዋጩ ዘሎት ያልፋል። በረቂቅ ላይ ተሰርዞ የነበረ ሐሳብ ወይም በኅዳግ የተጻፈ አስተያየት ደግሞ እንደገና ብቅ ብሎ ከሰነዱ ጋር ሊታተም ይችላል።

እንግዲህ ሥራውን በምን ቅደም ተከተል እንያዘው? በመጀመሪያ ቆጠራ ይደረግ። ስንት ፋይል፣ በምን ዓይነት ቅርጽ፣ በየትኛው ፎንት፣ ከየትኛው ዓመት እንዳለን ይታወቅ። የእንግሊዝ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ድሮይድ የተባለ፣ የፋይልን ቅርጽ ከውስጡ መርምሮ የሚለይ ሶፍትዌር በነጻ ያድላል። ሁለተኛ፣ ዋናዎቹ ፋይሎች ተገልብጠው ለብቻቸው ይቀመጡ፤ ለለዋጩ የሚሰጠው ግልባጩ ብቻ ይሁን። ሦስተኛ፣ ከየዓመቱ፣ ከየክፍሉና ከየፎንቱ ጥቂት ጥቂት ተመርጦ ይሞከር። ከላይ ያሉትን አሥር ፋይሎች አይቶ ደኅና ነው ማለት ጎተራውን ሳይከፍቱ እህሉን እንደ መመስከር ነው። አራተኛ፣ ሙከራው ከተሳካ በኋላ ሁሉም ይለወጥ፤ ሲያልቅም ይቆጠር። 5,000 ፋይል ገብቶ 4,988 ከወጣ፣ የ12ቱ ጉዳይ ሳይጣራ ሥራው አላለቀም።

አምስተኛ፣ የፋይሎቹ አሻራ ይመዝገብ። ሻ 256 የተባለው ስሌት ከማንኛውም ፋይል 64 ምልክት ያለው አንድ መለያ ያወጣል። በፋይሉ ውስጥ አንዲት ነጥብ ብትለወጥ መለያው ፈጽሞ ሌላ ይሆናል፤ ስለዚህ ፋይሉ በጊዜ ብዛት እንደ ተበላሸ ወይም እጅ እንደ ገባበት ይታወቅበታል። ስድስተኛ፣ ማን፣ መቼ፣ በየትኛው ሶፍትዌርና በስንተኛው እትም እንደ ለወጠ የሚናገር ማስታወሻ ከፋይሎቹ ጋር ይቀመጥ። ሰባተኛ፣ ሦስት ቅጂ ይኑር፤ በሁለት ዓይነት ማከማቻ ይሁን፤ አንደኛው ቅጂ ከሕንጻው ውጭ ይቀመጥ። ፍላሽ በመሳቢያ ውስጥ ማስቀመጥ ሰነድ ማቆየት ሊባል አይችልም።

አንድ ነገር እንጨምር። በኮምፒዩተር ላይ ያለው ደብዳቤ ፊርማና ማኅተም የሌለው ጽሑፍ ነው። የተፈረመው ወረቀት በመዝገብ ቤት ካለ ማስረጃው እርሱ ነውና፣ ፋይሉ ተለውጧል ተብሎ ወረቀቱ አይጣል። ወረቀቱ ስካን ተደርጎ በደብዳቤው ቁጥር ከፋይሉ ጋር ቢያያዝ መልካም ነው።

ይህን ሁሉ ስንል፣ አንዳንድ ሹማምንት ጉዳዩ የኮምፒዩተር ባለሙያው ነው ብለው ሊያልፉት ይችሉ ይሆናል። ባለሙያው መኪናውን ያውቃል። ነገር ግን የትኛው ደብዳቤ የመጨረሻው እንደ ሆነ፣ የትኛው አባሪ ከየትኛው ጋር እንደሚሄድ፣ በየትኛው ዘመን በየትኛው ፎንት ይጻፍ እንደ ነበረ የሚያውቀው የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ነው። ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው ካልሠሩ ሥራው ይነክሳል። ኃላፊውም ለማመሳከሩ ሥራ ሰውና ጊዜ ሊመድብ ይገባዋል። ለመለወጥ አንድ ሌሊት ከበቃ ለማመሳከር ብዙ ሳምንት ሊያስፈልግ ይችላልና፣ ዕቅዱ በዚሁ ልክ ይዘጋጅ።

በአገራችን ሰነድን የመጠበቅ ሥራ እንግዳ አይደለም። በየገዳማቱ የተጻፉት ብራናዎች እኛ ዘንድ የደረሱት በየዘመኑ የገለበጣቸውና ያመሳከራቸው ሰው ስለ ነበረ ነው። በ1936 ዓ.ም. የተመሠረተውና በተለምዶ ወመዘክር የምንለው ብሔራዊ ተቋምም የቆመው ለዚሁ ዓላማ ነው። በእኛ ዘመን የተለወጠው የሰነዱ ልብስ ብቻ ሲሆን አደራው ያው የቀድሞው ነው።

አንድ ጡረተኛ ከሠላሳ ዓመት አገልግሎት በኋላ በመስኮታችን ፊት ቆሞ «የአገልግሎት ዘመኔ ይጻፍልኝ» ሲል፣ ወይም አንዲት እናት የሟች ባለቤቷን የቅጥር ደብዳቤ ስትጠይቅ፣ «ፋይሉ አለ፤ ነገር ግን አይከፈትም» የሚል መልስ መስጠት ለመንግሥት ሠራተኛ የሚያሳፍር ነው። ጠያቂው ስለ ፎንትም ሆነ ስለ ፋይል ቅርጽ የሚያውቀው ነገር የለም፤ ማወቅም አይጠበቅበትም። እርሱ የሚያውቀው ጉልበቱን ሰጥቶ ሲያገለግል ስሙ በመንግሥት መዝገብ ላይ መጻፉን ነው።

ስለዚህ የተከበራችሁ አድማጮች፣ በየክፍላችሁ ያለውን የቆየ ፋይል የሚከፍተው ኮምፒዩተርና ፎንቱን የሚያውቀው ሠራተኛ ዛሬ በቢሮ ሳሉ ቆጠራውን ጀምሩ። ያ ኮምፒዩተር ከሥራ ከወጣ፣ ያም ሠራተኛ በጡረታ ከተሰናበተ በኋላ የሚደረገው ድካም እጥፍ ይሆናል። መለወጡን ለመኪናው ስጡት፤ ምስክርነቱን ግን ለራሳችሁ አስቀሩ።